የማትጾመው ድመት

ከጎባ ወደ ሮቤ የምትመለሰው ሚኒባስ ሞልታ እስክትነሳ መናኸሪያው ውስጥ ቆማ ነበር። የቅበላው ቅዳሜ ነው፤ ሰዉ ሥጋና ቅቤውን ይዞ ይጣደፋል፣ ጉሙ ደግሞ ከሳነቴ በኩል ወርዶ የቤቱን ሁሉ ጣሪያ ሸፍኗል። የኋላው ወንበር ላይ ከተቀመጥሁ በኋላ ነው፣ በመስኮቱ በኩል ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ የተቀመጠው ሰው ጎረቤቴ ሀብተሚካኤል መሆኑን ያስተዋልሁት።

ሰላም አልሁት። «ደሜ፣ አንተ ነህ» አለኝና ተመልሶ ወደ መስታወቱ ዞረ።

ወዴት ሄዶ እንደነበር አልጠየቅሁትም። ጫማው ላይ የደረቀው ጭቃ ይናገራል። ባለቤቱ እኅተማርያም አምና፣ ሁዳዴ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው አርፋ፣ ከእናቷ ጎን ጎባ ተቀብራለች። ሀብቴ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ መቃብሯ ዘንድ ይሄዳል፤ ይመለሳል፤ ቤቱ ይገባል፤ በቃ። ዕድሜውን በእህል መጋዘን ተቆጣጣሪነት የጨረሰ፣ ጾም በማጥበቅ ሰፈሩ የሚያውቀው፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ድምፁ የሚሰማ ሰው ነበር። አሁን ምሳና ራቱን እንኳ የምታስታውስለት ሙስሊሟ ጎረቤታችን ጁሀራ ናት። ልጆቼ፣ ያን ቀን ከጎኑ ተቀምጬ ሳየው፣ ይህ ሰው መጪውን ትንሣኤ አያይም ብዬ ፈራሁ። በሽታ የለበትም። መኖር ነው የተወው።

ሚኒባሷ ልትነሳ ስትል አንዲት ወጣት የብስኩት ካርቶን አቅፋ ገባችና ከፊታችን ተቀመጠች። የካርቶኑ ጎን ተበሳስቷል። ትንሽ እንደሄድን ከውስጡ ቀጭን፣ ልቅሶ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ረዳቱ ዞር ብሎ ድመቷም ተሳፋሪ ከሆነች ወንበሯን ትያዝ ሲል ሰው ሳቀ፤ አንዲት ሴት ግን አማተበችና የቅቤ ዕቃዋን ወደ ጭኗ ሳበች። ልጅቷ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀች።

ጨዋ መሆኗን አይቼ አጫወትኋት። ሐመልማል ትባላለች፤ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ጎባ ትሠራለች። ድመቷን ያገኘቻት ከከተማው በታች ወንዝ ዳር፣ አፉ በሲባጎ በታሰረ የማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ነው። እናቷ የወለደቻቸው ሌሎቹ ሁሉ ከላይዋ ሞተው ነበር። እሷ ተረፈች፤ ዓይኖቿ ግን አመርቅዘው ጠፉ። ሐመልማል በመርፌ መውጊያ ወተት እያጠባች፣ የምትሠራበት ቦታ ዕቃ ቤት ውስጥ ደብቃ አሳደገቻት። ስም ሳታወጣላት ቆይታ፣ በኦሮምኛ ድመት ማለት በሆነው ቃል፣ «አዱሬ» እያለች ትጠራታለች። አሁን ደግሞ ሥራዋ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ደሎ መና ተዛውሯል። እዚያ የምታርፈው ከሌሎች ሠራተኞች ጋር በጋራ ቤት ስለሆነ ድመት ይዘሽ አትገቢም ተብላለች። ሮቤ ያለች ጓደኛዋ እኔ እወስዳታለሁ ስላለቻት፣ ልታደርሳት መሄዷ ነው።

መንገዱ ሳይጋመስ ስልኳ ጮኸ። ሰምታ ሰምታ «እሺ፣ እናትሽን አትቀየሚያቸው» ብላ ዘጋችው። የጓደኛዋ እናት፣ ዓይን የሌላት ድመት ምን ታደርግልኛለች፣ ገድም የላትም ብለዋል።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው ልጄ?» አልኋት።

«ነገ ጠዋት የደሎ መና አውቶቡስ ላይ ነኝ። ዛሬ ሰው ካላገኘሁላት በመርፌ አስተኛታለሁ፤ የማትነቃበትን እንቅልፍ። ሜዳ ላይ ትቻት ውሻ ከሚዘነጣጥላት እሱ ይሻላል።»

ይህን ስትል ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ከዚህ በፊትም ያደረገችው ነገር መሆኑ ገባኝ፤ አለመንቀጥቀጧ ይበልጥ አሳዘነኝ።

እኔ እንዳልወስዳት አብራኝ የምትኖረው የልጅ ልጄ አስም አለባት፤ የድመት ጠጉር ያፍናታል። ሐሳቤ ግን ሳላዘው ወደ ጎኔ ዞረ። ሀብቴ መስታወቱን ትቶ ካርቶኑን ያይ ነበር። ማየቱን ሳይበት ፊቱን መለሰ።

ሮቤ ስንወርድ ዝናቡ ወረደብን። የሀብቴ ቤት ለዋናው መንገድ ቅርብ ነውና እስኪያባራ እዚያ እንጠለል አልሁ። እሱም የጨዋ ልጅ ስለሆነ እንግዳ አልመለሰም።

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ግን ውስጡ እንደ ውጪው ይቀዘቅዛል፤ በሩም ገርበብ እንዳለ ነው። መደርደሪያው ላይ የእኅተማርያም የጾም ዕቃዎች በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። እሷ በሁዳዴ ሥጋና ወተት የነካ ዕቃ ከቤቱ እንዲያድር አትፈቅድም ነበር። ገና ከመቀመጣችን ጁሀራ ምሳ ዕቃ ይዛ በጓሮ በኩል ገባች። «አካም ጅርቱ ኦቦ ሀብቴ» ብላ በኦሮምኛ ደኅንነቱን ጠየቀችው፤ «ነጋ» አላት፣ ደኅና ነኝ ለማለት። ትናንት ያመጣችው ሾርባ እንዳለ መቀመጡን አይታ አነሳችው።

እኔ ነገሩን ሳላዞር አወጣሁት። አንተ ብቻህን ነህ፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ይህቺ ፍጥረት ዛሬ ቤት ካላገኘች ልትሞት ነው፤ ውሰዳት አልሁት።

«ደሜ፣ ታውቀኛለህ» አለ። «ከድመት ጋር ነው ያረጀሁት። ያን መጋዘን ያቆዩት እነሱ ናቸው። ግን ድመት ቦታዋ እህሉ ዘንድ ነው፣ ሥራዋም አይጥ ነው። ምንጣፍ ላይ ተኝታ፣ እየተቆረሰላት የምትበላ ድመት አይጥ ሲያልፍ ቆማ ታያለች። ይህቺ ደግሞ ማየቱንም አትችል።»

ጁሀራ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። ሐመልማል ግን አልተቀየመችም። እንድትናገር አስፈቅዳ፣ ድመት ጠግባም ታድናለች፣ ማደን ተፈጥሮዋ ነው፤ ስትራብ የምትጨምረው ጉብዝና ሳይሆን ያገኘችውን ሁሉ መብላት ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ እኛ የሚያመጧቸው በመርዝ የሞተ አይጥ የበሉ ረኃብተኞች ናቸው ስትል አስረዳችው። ሀብቴ እዚህ ላይ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። እኔ ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።

«ይህችኛዋ ግን አባባ፣ አንድም አይጥ አትይዝልዎትም» አለችው። «ልዋሽዎት አልፈልግም። ሥራዋ መኖር ብቻ ነው።»

«መኖር ብቻ» አለ ሀብቴ። «እሱንማ እኔም እየሠራሁት ነው። ለማን እንደሚጠቅም ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።»

እኔም፣ ልጆቼ፣ ዕድሜዬ እንደ እሱ ነው፤ ብመልስለት ለራሴም በመለስሁ ነበር። ሁላችንም በጥቅማችን ስንመዘን የኖርን ነን። በሬው ሲያረጅ፣ ድመቷ ስትታወር፣ ሰውም ጡረታ ሲወጣ፣ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ከዚያ ጥያቄ በኋላ የሚተርፍ ብዙ ነገር የለም።

ሀብቴ ወደ ንጽሕናው ተሻገረ። የድመት ጠጉር ተውጦ አንጀት እንደሚያጣብቅ፣ ትንፋሿ ሳንባ እንደሚያበላሽ፣ ቤት የተዘጋባት ድመትም ጥግ ጥጉን እንደምታቆሽሽ ከእናቱ የሰማውን ደረደረ። ልጅቷ አንድ በአንድ መለሰችለት። ጠጉር አንጀት አያጣብቅም። የእኔን የልጅ ልጅ ለመሰለ አስም ላለበት ሰው ግን እውነትም ይከብዳል፣ እንዲህ ያለ ቤት ድመት ባይገባ ይሻላል። ለመጸዳጃዋ አሮጌ ሳፋ ይበቃል፤ አሸዋና አመድ ተደርጎበት በየጠዋቱ ከተጠረገ አይሸትም፤ ከጠረጉ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሴት ብቻ እንዳትነካው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች፣ የትል መድኃኒት ወስዳለች፣ እንዳትወልድም መክናለች። እንዲህ የተደረገላትና ከቤት የማትወጣ ድመት፣ ሌሊት በየቆሻሻው አድራ ጠዋት በእህል ጆንያ ላይ ከምትተኛው ትጸዳለች።

ጁሀራም ደገፈቻት። በእነሱ ዘንድ ድመት ነጃሳ፣ ርኩስ፣ አይደለችም፤ ድመት በቀመሰችው ውኃ ከሶላት በፊት ታጥቦ ውዱእ ቢደረግ ችግር የለውም።

«እንግዲያውስ አንቺ ውሰጃት» አላት ሀብቴ።

«ዋላሂ በወሰድኋት። የእኛን ውሻ ያውቁታል፤ እንኳን ማየት የማትችል ድመት፣ ቆጣሪ አንባቢውንም አያሳልፍ።»

ሀብቴ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። ከብዙ ወር በኋላ ያየሁበት የመጀመሪያው ነበርና፣ ተሳካልን ብዬ ልቤ ደስ ሲለው፣ እሱ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰኞ ሁዳዴ ይገባል» አለ። «በእኅተማርያም ቤት በሁዳዴ ሥጋ ሊከተፍ ነው? ወተት ሊቀዳ ነው? እኛ ቤት ጾም ሲገባ የሚጾመው ቤቱ ራሱ ነው፤ ሰዉም፣ ዕቃውም፣ ድመቱም። በነነዌ ጊዜ ከብቱ ሳይቀር ጾሟል። ከብት ከጾመ ድመት የማትጾመው ለምንድን ነው?»

የነነዌን ጾም ከጾምን ወር አልሞላንም፤ ታሪኩ ገና ከጆሯችን አልወጣም። በሰፈራችንም ብዙ ቤት እንዲሁ ነው የሚደረገው። በሁዳዴ ድመት ከሰጧት ሽሮ የነካው ቁራሽ ነው፤ ካልሰጧትም ፈልጋ ትብላ ትባላለች። ሳየው ኖሬ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም።

«አባባ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ነገር እርስዎ ይበልጥ ያውቃሉ» አለች ሐመልማል። «እኔ የማውቀው የድመቷን ሆድ ነው። ሰው በሽሮ ይኖራል። ውሻም እንደ ነገሩ ይኖራል። ድመት ግን ያለ ሥጋ አልተፈጠረችም፤ ሲርቃት ልቧ ይደክማል፣ የምታይ ብትሆን እንኳ ዓይኗ ይጠፋል። የነነዌው ሦስት ቀን ነው፤ ሁዳዴ ግን ሁለት ወር ሊሞላ ነው።» ትንሽ አሰበችና ደግሞ «ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ፤ መጨረሻው ግን ጠፋኝ። የነነዌ ታሪክ መጨረሻው ምንድን ነበር?» አለች።

ልትረታው ብላ አልነበረም፤ በእውነት ጠፍቷት ነው። ሀብቴም እንደ ልማዱ ሊያስተምራት አፉን ከፈተ።

«መጨረሻው፣ እግዚአብሔር ለከተማዪቱ መራራቱ ነው። ለሰዉ ብቻ አይደለም...» እዚህ ሲደርስ ቆመ። ካርቶኑን አየ። «ለእንስሳቱም ጭምር ነው የራራው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ግን አልራራሁም።»

ከዚያ በኋላ የነገረንን እኔ ጎረቤቱ እንኳ ለዓመት ያህል አላውቀውም ነበር። እኅተማርያም አንዲት ቡናማ ድመት ነበረቻት። አምና በሽታው ሲጠናባት ድመቷ ከእግሯ ሥር እየተኛች ታሞቃት ነበር። ሁዳዴ ሲገባ ሀብቴ ድመቷን ከመጋዘን ዘመኑ በለመደው ሕግ አስወጣት፤ ጾም ነው፣ እዚያው ጓሮ ቤት ፈልጊ አላት። ጓሮ ቤቱ ውስጥ፣ የገብሱ ጆንያ ዙሪያ፣ የአይጥ መርዝ የበተነው ደግሞ እሱ ራሱ ነው። የተራበችው ድመት እሱ የገደለውን አይጥ በላች። ደጃፉ ላይ ደርሳ ነው የወደቀችው። እኅተማርያም ሳትሰማ ወስዶ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ቀበራት።

«ድመቴስ ስትለኝ አደን ላይ ናት አልኋት» አለ። «በማግስቱም ጠየቀችኝ፤ በማግስቱም አደን ላይ ናት አልሁ። የመጨረሻ ቃሏ ስለ እኔ አልነበረም፤ ከቤት ስለወጡት ልጆቻችንም አልነበረም። በሩን ገርበብ አድርገህ ተወው፣ ስትመጣ ዘግተህባት እንዳትቀር ነው ያለችኝ። ይኸው ገርበብ እንዳለ ነው።»

ቅዝቃዜው ከየት እንደሚገባ ያን ጊዜ ገባኝ።

ጁሀራ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሷም በአጥሩ ቀዳዳ ወተት ታስቀምጥላት እንደነበር፣ ሀብቴ ድመቴን ጾም ታስፈቻለሽ ስላላት እንደተወችው ተናገረች። ለመክሰስ አልተናገረችውም፤ ከእሱ ጋር ልትካፈለው ብላ ነው።

እኔ፣ የሽማግሌ ነገር፣ ለማጽናናት ሞከርሁ። ሳታውቅ ነው ያደረግኸው አልሁት።

«ባላውቅ ለምን ደበቅኋት?» አለኝ። ወደ ልጅቷ ዞረ። «እንግዲህ ልጄ፣ ድመት ለቤት አትሆንም ያልሁሽ ሁሉ ውሸት ነው። ለድመት የማልሆነው እኔ ነኝ። ይዘሻት ሂጂ።»

እንዲህ ነው፣ ልጆቼ፣ ሰው ከስሕተቱ ሲመለስ ሁልጊዜ ወደ ብርሃን አይወጣም። አንዳንዱ ስሕተቱን ያየ ዕለት ይበልጥ ይጨልምበታል። ክርክሩን ረትተን ሰውየውን አጣነው ብዬ ተቀመጥሁ።

ሐመልማል ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስተካከለች። ከዚያ «አባባ» አለች፣ «እሷ የሚያስፈልጋት ጥፋት የሌለበት ሰው አይደለም። ያንን ብፈልግ ከረጢቱን ካሰረው ሰው ጀምሬ ከተማውን ሁሉ መዞር አለብኝ፤ ነገ ደግሞ መንገደኛ ነኝ። ለእሷ የሚያስፈልጋት የሚዘጋ በር ነው። ዓይን የላትምና ከወጣች አትመለስም። እርስዎ በሩን የማይዘጉት ለምን እንደሆነ ነግረውናል። ያቺኛዋ ግን አትመጣም፤ ይህንንም ያውቃሉ።»

ከባድ ንግግር ነው። ሽማግሌ ፊት ይነገራል ብዬ አላስብም ነበር። ጁሀራ እንኳ ደንግጣ አየቻት። ሀብቴ ግን አልተቆጣም። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ሄዶ በሩን ገጠመው። እጁን መዝጊያው ላይ እንዳሳረፈ፣ ጀርባውን ሰጥቶን ለረጅም ጊዜ ቆመ። ሁላችንም ወደ ሌላ አየን።

ዞሮ ሲመጣ «ሌሊት ትጮኻለች?» ብሎ ጠየቀ።

ሰው ክርክሩን ትቶ ስለ አያያዙ መጠየቅ ሲጀምር ልቡ እንደዞረ ዕወቁ። ሐመልማል መጀመሪያ ሰሞን እንደምትጮኽ አልደበቀችውም። ወንበርና አልጋ ካለበት እንዳይነቃነቅ፣ ዓይነ ስውር ድመት ቤቱን በጢሟና በእግሯ እንደምታጠናው፣ የምትበላበትና የምትጸዳዳበት ቦታ አንዴ ከተለየ እንዳይቀየር ነገረችው። የተረፈውንም መርዝ ተቀብላው በላስቲክ ጠቅልላ ወሰደች። ስለ ጾሙ ደግሞ ጁሀራ ቀደመች። ረመዳንም በዚያው ሰሞን ይገባል፤ ለኢፍጣር የሚመጣ ሥጋ ከቤቷ አይጠፋም፤ የድመቷ ድርሻ በእሷ ቤት ተከትፎ፣ በድመቷ በራሷ ሳህን ይመጣል፤ የእኅተማርያም ዕቃ አይነካም። «ሁለታችንም ስንጾም የማትጾም አንዲት ነፍስ በመካከላችን ብትኖር ምን አለበት?» አለች።

በማግስቱ ሀብቴ የንስሐ አባቱን ጠየቃቸው። ድመቷ ምን በድላ ትጹም ብለው መለሱለት። ያን ቃል ሲነግረኝ ፊቱ አልፈካም። «አምና ብጠይቃቸውም ይህንኑ ይሉኝ ነበር» ነው ያለኝ።

ከዚያ ሁሉ ነገር የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። አዱሬ አልጋ ሥር ገብታ አልወጣ አለች። ሌሊት ሌሊት እየጮኸች አስለቀሰችው። አንድ ቀን ደግሞ የእኅተማርያም ጠረን እንዳይጠፋ ብሎ ሳያሳጥብ ባስቀመጠው ነጠላዋ ላይ ሸናች። በንዴት እያለቀሰ መጥቶ ውሰዱልኝ አለን። ጁሀራ ነጠላውን ልታጥበው ብትል አልሰጣትም፤ ራሱ አጠበው፣ ጠረኑም በዚያው ጠፋ። ያን ቀን ምንም አልበላም። ማታውን ግን ድመቷ በመጀመሪያ ጊዜ ከአልጋ ሥር ወጥታ፣ እያሸተተች ሄዳ የታጠበው ነጠላ ላይ ተኛች። እሱም አላነሳትም።

የጾሙ እኩሌታ ሲደርስ ጁሀራ ዘመድ ሞቶባት ለለቅሶ ደሎ መና ወረደች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በዋናው መንገድ ሳልፍ፣ የዓብዱልፈታሕ ሥጋ ቤት ደጃፍ ለኢፍጣር የሚገዛ ሰው ተሰልፏል። ከሰልፉ መካከል፣ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሀብተሚካኤል ቆሟል። አንድም ሁዳዴ ሳይገድፍ ያረጀው፣ ሕፃናትን ሳይቀር በጾም የሚቆጣጠረው ሀብተሚካኤል፣ በሁዳዴ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሥጋ ቤት። መንገደኛው እየቆመ ያየዋል።

እንደ አጋጣሚ የሰንበቴ ማኅበርተኛችን ዘመንፈስቅዱስም አለፈ። ምላሱ ስለት ነው። «ሀብተሚካኤል፣ ለአንተ ትንሣኤ ቀድሞ ገባልህ እንዴ?» አለው፤ ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ።

«ለድመቴ ነው» አለ ሀብቴ። ድምፁን አላሳነሰም።

«ድመት በሁዳዴ ሥጋ? ይህን አንተ ነህ የምትናገር? በነነዌ እንኳ...»

«እሱን እኔም ብዬው ነበር» ብሎ አቋረጠው። «ዘመንፈስቅዱስ፣ ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ ጾሙም የእኔ ነው። በእሷ ጀርባ ላይ አልጭነውም። አምና ጭኜው ነበር፤ ምን እንደሆነ ቤቴ ናና ልንገርህ።»

ዓብዱልፈታሕ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ ሀብቴ የገዛውን የበሬ ሳንባ በላስቲክ ሲቋጥር ሳይጠየቅ ከጉበቱም ቆርጦ ጣል አደረገበት። ዘመንፈስቅዱስ በማግስቱ እውነትም ሀብቴ ቤት ሄደ። ዛሬ በእሱ ቤት ያለች ድመት በጾምም በፍስክም ትበላለች፤ መርዝም ከጓሮው ጠፍቷል።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለዚህ ነው። ድመት ቤታችሁ ካለች አስከትቡ፣ ሳይዘገይ አስመክኑ፤ የማትፈልጉት ግልገል ካልተወለደ ወንዝ ዳር የሚጣል ከረጢት የለም። መርዝ አይጡን ገድሎ አይቆምም፤ አይጡን ወደበላው ሁሉ፣ ወደ ድመቱም፣ ወደ ውሻውም፣ ወደ ጉጉቱም ይሻገራል። እህላችሁን ክዳን ባለው በርሜል አድርጉት፣ አይጡ ራሱ ይርቃል። ከቤት የማትወጣ ድመት በሽታ አታመጣም፣ በዲንሾ በኩል ፓርኩ ውስጥ ላሉት አውሬዎችም በሽታ አታደርስም፤ እሷም መኪናና ውሻ አያገኛትም። ጾማችሁንም ራሳችሁ ጹሙት፤ አፍ የሌለው ፍጥረት በእናንተ ሆድ አይጠየቅም። እናንተ የተማራችሁ ደግሞ ሽማግሌ ሲከራከራችሁ አትሰልቹ። ክርክሩ እሱ ስለሚለው ነገር ላይሆን ይችላል።

ያን ዕለት ሀብቴን ከሥጋ ቤቱ እስከ ቤቱ ሸኘሁት። ቀስ እያለ ነው የሚራመደው፤ ከስቷል፣ ሁዳዴውም አክስቶታል። ሐዘኑ ትንሽ ቀለል አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አልቀለለኝም» አለ። «ቀለለኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ዋሽቼ አይቼዋለሁ። ጠዋት የምነሳው ግን አመዱን ለመቀየር ነው። ካልተነሳሁ ትጮኻለች። ምክንያቴ እሷ ናት፤ ትንሽ ምክንያት ናት።»

«ትንሽም ብትሆን ምክንያት ናት» አልሁት፤ ላበረታው ብዬ።

«ትንሽ ናት ደሜ» አለኝ። «አንተ አታግዝፋት፤ እንዳለች ተዋት።» ይህን ብሎ ሳንባውን በላስቲክ እንደያዘ፣ ሳይበላሽ ሊከትፍላት ወደ ቤቱ ገባ።